የዓርብ ጡቦች

ዕለቱ ሰኞ ነበር። ባንች ከእንቅልፏ ስትነቃ ባሏ ዘመዱ ቀድሟት ተነሥቷል። ሻይ አፍልቶ፣ የእናቱን በማር፣ የእሷን ያለ ስኳር ቀድቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። ለራሱ ዳቦ በአይብና በቲማቲም ጠቅልሎ የሥራ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ውጭ ያካፋል፤ ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ነፋስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የቤታቸውን መስኮቶች ያንገጫግጫል። እናቱ እማማ የሺአረግ ጸሎታቸውን ጨርሰው ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ከክፍላቸው ወጡ። ዘመዱ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እሳቸውም እንደ ሁልጊዜው "በሰላም ውለህ ግባ" አሉት። ሠራተኛ የሚያመላልሰው አውቶቡስ መጥቶ ወደ ሳፒር ኢንዱስትሪ ቀጠና ወሰደው፤ እዚያ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነው። ባንችም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ኢር ያሚም ሰፈር ወደምትሠራበት መዋዕለ ሕፃናት ሄደች። ወታደር የሆነችው አንድ ልጃቸው ሺሪ ትናንት ወደ ካምፗ ተመልሳለች። እንዲህ ያለ ጠዋት በዚያ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲደጋገም ኖሯል። እንዲህ ያለውን ጠዋት ማን ልብ ብሎ ያስታውሰዋል? ባንች ግን ታስታውሰዋለች። ሁሉም ሰው ጤነኛ መስሎ የተነሣበት የመጨረሻው ጠዋት እሱ ነበርና።

ከቀትር በኋላ ወደ ቤት ስትመለስ እማማ የሺአረግ አልጋቸው ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር። ግንባራቸው እንደ ፍም ይፋጃል፤ ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል። የሳንባ ምች ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለተኛው። አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ ሐኪሟ ዘመዱንና ባንችን ለብቻቸው ጠርታ ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። "ሁለቱን ተቋቁመዋል። ሦስተኛውን የሚቋቋም ሳንባ የላቸውም። በዚህ ክረምት ብርድ እንዳይነካቸው፤ አንድም ቀን።" ከዚያም "ቤታችሁ ማሞቂያ የለም እንዴ?" ብላ ጠየቀች። ማሞቂያስ አለ። ነገር ግን ስድስት ቀን ብቻ የሚሠራ ማሞቂያ መሆኑን ዘመዱ ለሐኪም እንዴት ብሎ ያስረዳል?

እማማ የሺአረግ ልጃቸውን በዘጠኝ ዓመቱ በእጃቸው ይዘው ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም በአውሮፕላን እስራኤል ሲገቡ ብዙ ነገር ጥለው መጥተዋል፤ ሰንበታቸውን ግን አልጣሉም። በአገራቸው ዓርብ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ በየቤቱ ያለ እሳት ሁሉ ይጠፋል። ፍሙ በውኃ ይገደላል፤ ከዋክብት እስኪወጡ ድረስ የሚበላው ቀዝቃዛ፣ የሚጠጣው ቀዝቃዛ ነው። እዚህ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ዓርብ ፕላታ የሚሉትን ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሰክቶ፣ ምግቡን እላዩ ላይ ጥዶ፣ ቅዳሜ ትኩሱን ይበላል። ረቢዎቹ ፈቅደዋል፤ ብዙ የእኛም የቤተ እስራኤል ሰዎች ለምደውታል። እማማ የሺአረግ ግን "ዓርብ ለኩሰነው ቅዳሜ የሚነድ ከሆነ እሳቱ ያረፈው መቼ ነው?" ይላሉ። ስለዚህ በየዓርቡ የክፍላቸውን ማሞቂያ በገዛ እጃቸው ይነቅላሉ፤ ከዚያም እስከ ማግስቱ ምሽት ድረስ ያንን አጥንት የሚገባ የባሕር ብርድ በጋቢ ይገጥሙታል። ሳንባቸውን ሁለት ጊዜ የጣለውም ይኸው ነበር።

ዘመዱ መጀመሪያ ያመጣው ትንሽ የሰዓት ማብሪያ ነበር፤ ሶኬት ላይ ተሰክቶ በተሞላለት ሰዓት ራሱ የሚያበራና ራሱ የሚያጠፋ።

"እማዬ፣ አንቺም አትነኪው፣ እኔም አልነካው። ሰዓቱ ራሱ ያበራልሻል" አላቸው።

እማማ የሺአረግ ዕቃውን ገለባብጠው አዩት። "ለመሆኑ ሰዓቱ ሰንበት አያርፍም?"

ለእረፍት የመጣችው ሺሪ ከሶፋው ላይ ሳቀች። "ዜሁ፣ አባ። ሳቭታ ኒጽሓ። አያቴ አሸነፉህ በቃ።"

ዘመዱም ሳቀ፤ ሰዓቱንም ወደ ካርቶኑ መለሰው። ኋላ አያቷ ሲተኙ ሺሪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ማሞቂያውን ከአልጋው ሥር ደብቀን ለምን አንተወውም፣ በምን ያውቃሉ አለችው። ስለ አያቷ ፈርታ እንጂ ለክፋት አልነበረም። አባቷ ያን ጊዜ የመለሰላትን ባንች በልቧ ጻፈችው። "እናቴን የማሞቃት ከሰንበቷ ጋር ነው። ሰንበቷን ሰርቄ የማሞቃት ከሆነ ሌባ ነኝ እንጂ ልጅ አይደለሁም።" ስንቱ ልጅ እናቱን ተቆጥቶ፣ ስንቱስ አታልሎ ነገሩን በቀላሉ በገላገለው ነበር? ዘመዱ ግን እንደዚያ አልነበረም። የተበላሸ ዕቃ እንኳ ሲጠግን አያስገድድም፤ አልፈታ ያለውን ብሎን ዘይት ጠብ አድርጎለት ትቶት ይሄዳል፤ በማግስቱ ተመልሶ በሁለት ጣቱ ይፈታዋል።

አንድ ቀን ከሥራ እንደ ገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ እናቱ ፊት ቁጢጥ አለ።

"እማዬ፣ አገር ቤት ዓርብ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጉልቻው ወዲያው ይቀዘቅዝ ነበር?"

"ከየት ይቀዘቅዛል! እኩለ ሌሊት ድረስ ይሞቅ ነበር እንጂ። ድመቷ እሱን ተደግፋ ነበር የምታድር።"

"ታዲያ ያ ሙቀት ሰንበት ይሽር ነበር?"

እማማ የሺአረግ ብዙ አሰቡ። "እሳቱን እኛ አጥፍተነዋል" አሉ በመጨረሻ። "ድንጋዩ ግን ድንጋይ ነው፤ ሲሻው ይቀዘቅዛል።"

ዘመዱ የፈለገው ይህችን ቃል ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ የሥራ ቦታ ሆነ። ጎረቤት ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ የጣለውን የተበላሸ ፕላታ አንሥቶ አመጣ። የመጋዘኑ ባልደረባው ያኮቭ ደግሞ ወንድሙ ካፈረሰው አሮጌ የዳቦ መጋገሪያ ውስጥ እሳት የማይሰነጥቃቸው አሥራ አራት ወፋፍራም ጡቦች ሰጠው። አንድ ያረጀች ትንሽ የጠረጴዛ ምድጃ አንጀቷ ወጥቶ የላሜራ አካሏ ብቻ ቀረና ለሳጥንነት ተዘጋጀች። ዘመዱ ዕቃ ሲፈታ የራሱ ሥርዓት አለው። ባዶ የእንቁላል ካርቶን አጠገቡ ያኖራል፤ መጀመሪያ የወጣው ብሎን መጀመሪያው ጉድጓድ፣ ሁለተኛው ሁለተኛው ውስጥ ይገባል። ሲገጥም ከመጨረሻው ጉድጓድ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ብሎን ተርፎት አያውቅም። የተቃጠለውን ሽቦ ከፕላታው አውጥቶ በአዲስ ተካው። ጡቦቹን በመጋዝ ቦይ ቦይ አወጣላቸውና የሚግለውን ሽቦ በቦዩ ውስጥ አሳለፈው፤ ሙቀት ሲበዛ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያም አበጀለት። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ዓርብ ከቀትር በፊት ተሰክቶ ጡቦቹ እስኪጠግቡ ይሞቃሉ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሶኬቱ ይነቀላል፤ ከዚያ በኋላ እሳትም ኤሌክትሪክም የለም፣ ድንጋይ ብቻ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ይሁን እንጂ ሥራው ቀላል አልነበረም። በሰንበት እንዳይሞክረው እናቱን ፈራ፤ ሙከራው ሁሉ በሥራ ቀን ሆነ። አመሻሽ ላይ ይነቅለዋል፤ ጠዋት ሻይ ከማፍላቱ በፊት ቴርሞሜትሩን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ያያል። በመጀመሪያው ጠዋት ጡቦቹ እንደ መቃብር ድንጋይ ቀዝቅዘው አገኛቸው። በሁለተኛው ሽቦው ተቃጥሎ ቤቱ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። እማማ የሺአረግ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው ብቅ አሉና "ዘመዱዬ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ልታሞቅ ነው?" ብለው ተመለሱ። በሦስተኛው ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥራ የተረፈ፣ ከድንጋይ የተፈተለ ሙቀት የሚይዝ ሱፍ አምጥቶ ጡቦቹን በሁሉም በኩል አለበሳቸው። ጠዋት ላይ ጡቡ ለብ ብሎ ጠበቀው። ለብ ያለ ጡብ አይቶ እንዲያ ደስ ያለው ሰው ባንች አይታ አታውቅም።

በዚያው ሰሞን ነበር ጀርባውን ያመመው። ጡብ ሳነሣ ተቀጭቼ ነው አለ። ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ገባ፤ ከዚያም ሌላ ቀዳዳ። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ባንች እጁን ይዛ ወደ ሐኪም ወሰደችው። ምርመራው፣ መርፌው፣ ወረፋው... ከሁለት ሳምንት በኋላ የቆሽት ካንሰር መሆኑ ተነገራቸው። ጉበቱም ላይ ደርሷል። ዘመዱ ዶክተሩ የተናገረውን እስከ መጨረሻው አዳመጠና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ይህን ክረምት እጨርሳለሁ ወይ? ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ብዙ መንገድ ሄዱ። ከዚያ ዘመዱ "ለእማዬ ጨጓራ ነው እንበላት" አለ። ባንችም እሺ አለች። ምን ልትል ትችላለች? በእኛ ዘንድ ለደከመች እናት ክፉ ወሬ አይነገርም። ወሬው የሚደርሳት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ እሱም በሽማግሌ አፍ።

ሕክምናው ሲጀመር መድኃኒቱ ካንሰሩን ሳይሆን ጣቶቹን የያዘ መሰለ። የጣቶቹ ጫፍ ደነዘዘ። ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ መርፌ እንደሚወጋው ይሰቅቀዋል፤ የማቀዝቀዣውን በር እንኳ በጨርቅ ይዞ ነበር የሚከፍት። ሃያ ዓመት ሙሉ ጸጉር የምታህል ሽቦ በጣቱ ዳስሶ የሚለይ ሰው፣ ብሎን እጁ ላይ መኖሩንና አለመኖሩን ማወቅ አቃተው። አንድ ከሰዓት በኋላ ባንች ወጥ ቤት ስትገባ ወለሉ ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ የወደቀች ብሎን ሲፈልግ አገኘችው። ብሎኗ መሐል እጁ ላይ ነበረች። ባንች አጠገቡ ተንበረከከች፣ ብሎኗን ከመዳፉ ላይ አንሥታ ካርቶኑ ውስጥ አኖረች፣ ወንበር ስባም ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። "በል ንገረኝ" አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁ እሷ ሆነች። ባንች በወጣትነቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ጽሑፍ የተማረች ሴት ናት፤ ካቻቢቴ ይዛ አታውቅም።

"አታጥብቂው። እንደ እርሳስ ያዥው" ይላታል።

"እንደ እርሳስ ከያዝኩትማ ድርሰት መጻፌ ነው።"

"ጻፊዋ፣ ፕሮፌሰር። አጭር ይሁን ግን፤ እናቴ በርዷታል።"

እንዲህ እየተሣሣቁ ሠሩት። ሱፉን የምትቆርጠው፣ ሽቦውን የምታጠብቀው፣ የላሜራውን ጠርዝ በፒንሳ የምታጥፈው እሷ ናት። እሱ ጋቢ ለብሶ ተቀምጦ ያያል፤ ስትሳሳት ቶሎ አያርማትም፣ ራሷ እስክታገኘው ይጠብቃታል። በሳጥኑ ፊት ለፊት የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ በር አበጁላት፤ ሲበርድ በሰፊው፣ ሲሞቅ በጠባቡ የምትከፈት። ባንች አንዳንድ ጊዜ ቀና ብላ ታየዋለች። ይህ ሰው እየሞተ ነው? የሚሞት ሰው የበር ማጠፊያ እንዲህ ይገደዋል? የራሱ ጣቶች በብርድ እየተወጉ ሙቀቱን ሁሉ ለእናቱ የሚያጠራቅም ሰው ልቡ ከምን ተሠርቷል?

ሳጥኗ ያለቀችው ከባዱ ዝናብ ሳያበቃ ነበር። በመጀመሪያው ዓርብ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዘመዱ ሶኬቱን ነቀለ፤ ገመዱን ጠቅልሎ በእናቱ እጅ ላይ አኖረ። "ይኸው እማዬ፣ እሳቱ እጅሽ ላይ ነው። ሰንበት እስክትወጣ ያዥው።" እማማ የሺአረግ ጎንበስ ብለው በትንሿ በር ውስጥ ቀይ ነገር እንዳለ ፈለጉ። የለም። ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡ። ድምፅም የለም። ከዚያም እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉና ፊታቸው ቀስ ብሎ ተፈታ። "ጉልቻ" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ በሰንበት ዝምታ ውስጥ ሳለ ዘመዱ ገርጥቶ ከክፍሉ ወጣ። እማማ የሺአረግ ከሳጥኗ አጠገብ ከነበረው መቀመጫቸው ተነሡ።

"ና እዚህ ተቀመጥ" አሉት።

"ላንቺ ነው የሠራሁት እማዬ።"

"ለኔ ከሆነ እኔ የወደድኩትን አደርግበታለሁ። እጅህን አምጣ።"

ሁለቱንም እጆቹን እንደ ሕፃን እጅ ያዙና በትንሿ በር ፊት አቆዩአቸው። ጣቶቹን አንድ በአንድ አሹለት። ለምን ደነዘዘ ብለው አልጠየቁትም፤ ስለ ጨጓራውም አላነሡም። ዘመዱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ባንች በሩ ላይ ቆማ እናትና ልጅን አየቻቸው፤ ወደ ውስጥ ሳትገባም ተመለሰች።

አራት ሰንበት እንዲህ አለፈ። ሐኪሟ የእማማ የሺአረግን ደረት አዳምጣ ንጹሕ ነው አለች። የልጃቸው ሰውነት ግን በየሳምንቱ ቀለጠ፤ በአምስተኛው ሳምንት ሆስፒታል ተኛ። ዓርብ የጡቦቹ ነገር በባንች እጅ ቀረ። ከቀትር በፊት ትሰካለች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትነቅላለች፤ ገመዱን በአማቷ እጅ ላይ እንዳኖረች ወዲያው ሰንበት ሳትገባ ትደውልለታለች። "ነቀልኩት" ትለዋለች። እሱም በደከመ ድምፅ "ስንት ይላል?" ብሎ የቴርሞሜትሩን ቁጥር ይጠይቃታል። ስትነግረው "ጎበዝ" ይላል። የሁለቱ የፍቅር ቃል በዚያ ሰሞን ይህ ብቻ ነበር።

አራተኛው የሆስፒታል ዓርብ ሲደርስ ዘመዱ መናገር አቅቶት ነበር ያደረው። ባንች ሐሙስን ከአልጋው አጠገብ ወንበር ላይ አደረች። ዓርብ ጠዋት ዓይኑን ገልጦ ፈለጋት። ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች።

"ዓርብ ነው" አላት።

"ዓርብ ነው፤ አውቃለሁ።"

"ሂጂና ሰኪው።"

"አባተ እንዲሰካው እነግረዋለሁ፤ ወንድምህ አይደል። ዛሬ ካንተ ዘንድ አልሄድም።"

"አባተ አያውቀውም" አለ። ትንፋሹን ሰበሰበ። "ሂጂ፣ ባንችዬ። ቶሎ ትመለሻለሽ።"

ሄደች። ሺሪ ከካምፗ ተጠርታ መጥታ ነበርና አባቷ ዘንድ ቀረች። ባንች በአውቶቡስ ወደ ቤት ደረሰች፤ አማቷን ሰላም ብላ፣ ሶኬቱን ሰክታ፣ የመቆጣጠሪያው መብራት መብራቱን አይታ፣ ሳትቀመጥ ተመለሰች። አምስት ሰዓት ላይ ነበር የሰካችው። ሆስፒታሉ ስትደርስ የአልጋው መጋረጃ ተዘግቷል። ሺሪ ኮሪደሩ ላይ ግንቡን ተደግፋ በዕብራይስጥ "ኢማ፣ ኢማ" እያለች እናቷን ትጠራለች። ዘመዱ ያለፈው አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር።

ምነው ያችን አንዲት ሰዓት እንኳ... ሃያ ሁለት ዓመት ካጠገቡ ሳትለይ፣ ነፍሱ ስትወጣ እጁን ሳትይዘው ቀረች። እያወቀ ነበር የላካት? ሲሞት እንዳታየው አዝኖላት ነው? ወይስ በእውነት የጨነቀው የእናቱ ብርድ ብቻ ነበር? ይህን የሚመልስላት ሰው የለም። ባንች ጥያቄውን ለማንም አላነሣችም።

ለቀብር ጊዜ አልነበረም፤ ሰንበት ልትገባ ነው። የዘመዱ ወንድም አባተ ከቄስ ቃኘው ጋር መጣ። ሽማግሌው ቄስ ባንችን ራቅ አድርገው ወሰዷት።

"ቀብሩ እሁድ ነው ልጄ። ለእናቱ ደግሞ ነገ ሰንበት ስትወጣ ሽማግሌ ይዘን መጥተን እንነግራቸዋለን። እስከዚያ ያንቺ ቤት የለቅሶ ቤት አይደለም፣ የሰንበት ቤት ነው። ሺሪ አልቻለችም፤ አባተ ቤት ትዋል። አንቺስ ትችይዋለሽ?"

"እችላለሁ" አለች ባንች።

ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥባ፣ ሻሿን አስተካክላ ወደ ቤቷ ገባች። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ አዘቅዝቃለች። ሶኬቱን ነቀለች። ገመዱን ጠቅልላ በእማማ የሺአረግ እጅ ላይ አኖረች። እሳቸውም ተቀበሏት፤ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ረዘም አድርገው ገመዱን በሁለት እጃቸው ያዙት። "ሰንበት ሰላም፣ ልጄ" አሏት። "ሰንበት ሰላም፣ እማማ" አለች። ዳቦውን ባርከው ቆረሱላት። ዋጠችው። እንዴት እንደ ዋጠችው ግን እስከ ዛሬ አታውቅም።

ያ ሰንበት በሰው ልጅ ዕድሜ ውስጥ እንደ አንድ ቀን የሚቆጠር አልነበረም። ባንች ባሏ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተኝቶ እሷ ባሏ የሠራው ሙቀት አጠገብ ተቀምጣለች። ጡቦቹ ደኅና ጠግበው ነበር፤ ክፍሉ ደስ የሚል ሙቀት ነበረው። እማማ የሺአረግ ጠዋት ጸሎታቸውን ሲያደርሱ አንድ ቦታ ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ቀጠሉ። በየሰዓቱ "ዛሬስ እንዴት ዋለ? ምግብ ቀመሰ?" እያሉ ስለ ልጃቸው የሚጠይቁት እናት በዚያ ቀን አንድም ጊዜ አልጠየቋትም። ባንች ከመጠየቅ መትረፏን እንደ እድል ቆጠረችው እንጂ ለምን እንደሆነ አላሰበችም። ከቀትር በኋላ እማማ የሺአረግ ተነሥተው የራሳቸውን መቀመጫ ለቀቁላት፣ ጋቢያቸውንም አለበሷት። "አንቺን ነው የበረደሽ" አሏት። ባንች እንባዋ ሲመጣ ወደ መስኮቱ ዞረች። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ኀዘኗን እንደ ሞላ ማሰሮ ይዛ ያንን ሁሉ ሰዓት ሳታፈስ ተሸከመችው።

ጀምበር ጠለቀች። ሰማዩ ጠቆረ። እማማ የሺአረግ መስኮቱ ዘንድ ቆመው ከዋክብቱን ቆጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ተመልሰው ባንች ፊት ተቀመጡና የራሳቸውን ሻሽ ቀስ ብለው ፈቱት።

"ባንችዬ።"

"አቤት፣ እማማ።"

"ሰንበት ወጣች።"

"አዎ፣ እማማ።"

"እንግዲህ ልጄን አልቅሽልኝ።"

"ማን... ማን ነገረዎት?"

"ማንም። ሶኬቱን ነቅለሽ ስልክ አልደወልሽም።" ሽበታቸው ትከሻቸው ላይ ወርዷል። "እናንተ እንዳልሰማ ለፋችሁ፤ እኔም የማውቅ እንዳይመስላችሁ ለፋሁ። ጨጓራ ጣት ያደነዝዛል? እጁን የያዝኩ ዕለት ነው ያወቅሁት። ትናንትም ሰንበት በሩ ላይ ስለነበረች ነው ዝም ያልኩ። ልጄ ሰንበቴን አልሰረቀኝም፤ እኔም በእሱ ለቅሶ አልሻርኳትም። አሁን ግን ወጥታለች።"

ያን ጊዜ ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው አለቀሱ። ባንች ሃያ አምስት ሰዓት የተሸከመችውን ሁሉ በአማቷ ጭን ላይ አፈሰሰችው። ቄስ ቃኘው ሽማግሌዎቹን አስከትለው ደረጃውን ሲወጡ ለቅሶው በር ላይ ተቀበላቸው። መርዶ ሊያረዱ መጥተው የሚያረዱት ሰው አላገኙም። ቄሱ በበሩ ላይ ቆመው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ወደ ውስጥ ገብተው ከሴቶቹ ጋር አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ክረምት መጥቶ ሄዷል። ዕድል እንዴት እንደሚቆርጥ ማን ያውቃል? ሐኪሟ ትሄዳለች ብላ የፈራችላት እናት ቀረች፤ እሷን ለማቆየት የለፋው ልጅ ሄደ። አንዱ ስለ ሌላው የተወሰደ ነው የሚሉ አሉ፤ ባንች እንዲህ ያለውን ነገር ስትሰማ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እሷ የምታውቀው ሰው በቀረው ጉልበት ምን ሊሠራ እንደሚችል ማየቷን ነው። አምና በጥር ሽቦው ተቃጥሎ ነበር፤ ሳጥኗን ራሷ ፈታ ጠገነቻት፤ አንድም ብሎን አልተረፋትም። ያች ከሆስፒታሉ የራቀችባት ሰዓት ምን ያህል እንደ ከበደቻት ግን ለአማቷም ለልጇም አልነገረችም። እሷን ለብቻዋ ይዛለች።

እማማ የሺአረግ ሦስተኛውን ሕመም አላዩም፤ ደረታቸው ደኅና ነው። ሺሪ ውትድርናዋን ጨርሳ ትማራለች። በሰንበት ቤቱ ይሞቃል። ዘመዱ የለም።